የጸሐይወርቅ ሁለተኛ ጡሩምባ

መኩሪያ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ሀና ማርያም የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምር ገና አስራ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ጡሩምባውን በካፖርቱ ውስጥ፣ በግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። በተራመደ ቁጥር የቆርቆሮው ጫፍ ጎድኑን ይጎስመዋል። በቀኝ እጁ አገጩን ደግፏል፤ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከሦስት ቀን ጀምሮ እየተነቃነቀ፣ የጠዋቱ ብርድ በነካው ቁጥር ሕመሙ እስከ ጆሮው ይደርሳል።

ዘመኑ 2016 ነው፣ ወሩ ግንቦት። በዚያ ዓመት ከተማው ማታ የተኛበትን ቅርጽ ይዞ ጠዋት አይነሳም ነበር። መንገዱ ዳር ትልልቅ ቱቦዎች ተጋድመዋል፤ የቆርቆሮ አጥሮች አንድ ቀን እዚህ፣ በማግስቱ እዚያ ይቆማሉ። የሞት ወሬ ሳይቀር በቴሌግራም ነበር የሚደርሰው። በጡሩምባ ቀብር የሚጠራ እድር የቀረው በጥቂት ሰፈር ብቻ ሲሆን፣ ከነዚያ አንዱ የታችኛው ሰፈር እድር ነው። መኩሪያ ለዚህ እድር ሃያ ስምንት ዓመት ነፍቷል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከዋናው መንገድ ዳር የሚሠራውን ሕንፃ ይጠብቃል፤ ከባለቤቱ ከአረጋሽ ጋር የሚኖረውም በግንባታው በር ላይ ባለችው የዘበኛ ክፍል ነው።

ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ደምሴ አረፉ። የልጅ ልጃቸው ምስጢር ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ዘበኛ ክፍሏ ድረስ መጥታ፣ "ጋሽ መኩሪያ፣ አያቴ አለፈች። ጠዋት ይንፉላት" ብላው ተመለሰች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ዳኛ ደወሉ።

"ሳታናግረኝ እንዳትነፋ። ጠዋት ቤት ድረስ ና።"

ደንቡም እንደዚያ ነው። ዳኛው ፊት ለፊት "ንፋ" ሳይሉ ጡሩምባ አይነፋም። ይህን ደንብ ያስወጣው ራሱ መኩሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሆነው በ1990 ክረምት ነው፣ በሥራው ሁለተኛ ዓመቱ ላይ። የያኔው ዳኛ በሱቅ ስልክ አስጠርተው፣ "ጸሐይ ወርቁ አርፋለች" አሉት። ጸሐይ፣ የአቶ ወርቁ ልጅ። መስመሩ ይንጫጫ ነበርና መኩሪያ የሰማው "ጸሐይወርቅ" ብሎ ነው። ሲነጋጋ ሰፈሩን በጡሩምባ አዳረሰው። ስልሳ የሚሆን ሰው ድንኳንና አግዳሚ ተሸክሞ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ የወይዘሮ ጸሐይወርቅን በር ሲያንኳኩ፣ የከፈቱት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራሳቸው ነበሩ። ለቅሶውን የምታወጣው ሴት አፏን እንደከፈተች ቀረች። ወይዘሮዋ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ "ደግ ነው፣ ማን ማን እንደሚመጣልኝ አወቅሁ። ግቡ፣ በባዶ ሆድ አይለቀስም" አሉና ትልቁን ድስት ጥደው ለስልሳው ሰው ቂንጬ አበሉ። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ፣ እሳቸውም ጭምር፣ ወደ እውነተኛዋ ሟች ቤት ሄደ።

መኩሪያ ግን ከአጥሩ ሥር ተደብቆ ነበር። ወይዘሮዋ ፈልገው አገኙት።

"ስማ አንተ፣ ይሄኛው አይቆጠርም" አሉት። "ጊዜዬ ሲደርስ እንደገና ትነፋልኛለህ። ቃልህን ስጠኝ።"

ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሟችን ስም ከነአባቱ፣ ከነባለቤቱ፣ ፊደል በፊደል እየለየ ነው የሚጠራው።

የዳኛ ወጋየሁ ሳሎን መብራቱ በርቷል። ዳኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናቸው፤ እቤታቸውም ተቀምጠው ከረባት ያስራሉ። ከጎናቸው ባለው ሶፋ ላይ ክብረት ተቀምጧል። ክብረት የሕንፃው አሠሪ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ጫማው ጭቃ የማይነካው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

"ተቀመጥ" አሉ ዳኛው፣ መኩሪያን ሳያዩት። "እንግዲህ ዛሬ አይነፋም።"

"ለምን ዳኛ? መሥራች አባል ናቸው'ኮ።"

"አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገራቸው ይሸኛል። መኪና ተዘጋጅቷል። ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል።"

"ቀብራቸው ሀና ማርያም ነው፣ ባላቸው ሃምሳ አለቃ አባይነህ አጠገብ። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እዚህ ሰፈር?"

ክብረት ፈገግ አለ። "ጋሽ መኩሪያ፣ ለክብራቸው'ኮ ነው። መኪናውን ያቀረብነው እኛ ነን።"

መኩሪያ አሁን ገባው። ሕንፃው ወደ ኋላ መስፋት ይፈልጋል፤ ከኋላው ደግሞ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግቢ አለ፣ ከዚያም የአስራ ስምንት ጎረቤቶቻቸው። "አንነሳም" በሚለው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የእሳቸው ነበር። መሬቱን የሚለኩት ሰዎች ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

"ድንኳን ከተተከለ ሦስት ቀን ነው" አለ ክብረት። "ለቅሶ የተቀመጡበትን መሬት ማንም መጥቶ አይለካም፤ እሱ ይገባኛል። ሰውም ሦስት ቀን አብሮ ተቀምጦ ዝም አይልም። ለቅሶ ብሎ ገብቶ ስብሰባ ይሆናል። በዚህ ሰሞን ያለ ፈቃድ ሰው የሰበሰበ ምን እንደሚያገኘው ልንገርዎት?"

"እኔ የምጠራው ለቀብር ነው።"

"የሚኖሩባት ክፍል የማን ናት ጋሽ መኩሪያ?" የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ድምፁ። "እትዬ አረጋሽስ ደህና ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው?"

መኩሪያ ጡሩምባው ከብብቱ ሥር እየተንሸራተተ ስለነበር በክርኑ ያዘው።

ዳኛ ወጋየሁ ነገሩን ማለዘብ ፈልገው ሳቅ አሉ። "ደግሞ አንዴ ነፍተህላቸዋል። ይበቃቸዋል።"

ክብረትም ሳቀ፤ ታሪኩን ሰምቷል ማለት ነው። መኩሪያ ከልማዱ የተነሳ አብሮ ፈገግ አለና ጥርሱ ወጋው። በዚያ ፈገግታው ወዲያው አፈረ።

"ዳኛ፣ ያን ቀን እርስዎም ቂንጬ በልተዋል" አለ።

ዳኛው ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "በል ሂድና እረፍ" አሉት። "ደክሞሃል።"

ደክሞታል። ዳገቱን ወደ ዘበኛ ክፍሏ ሲመለስ በየመብራት ምሰሶው ሥር ይቆም ነበር። አረጋሽ በሩ ላይ ሆና እርምጃውን ስትቆጥር ቆየች።

"ከለከሉህ" አለች።

"ከለከሉኝ።"

"አንተስ?"

"እንጃ።"

"አንተ እንጃ ካልክ ልትነፋ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ አላውቅህም?" ወገቧን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "የት ልንገባ ነው መኩሪያ? ክረምት ሊገባ ነው'ኮ።"

"እግዚአብሔር አለ።"

"አለ። እኔ እግዚአብሔርን አምነዋለሁ። ክብረትን ደግሞ አውቀዋለሁ።"

ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ባሊ፣ በምስማር የተሰቀለ የማርያም ሥዕል አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። እነዚህን ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ታየው፤ ያ ሰው እሱ ነው።

"አረጋሽ፣ ፈሪ ነኝ" አለ። "ታውቂያለሽ። ግን ዝም ስልም'ኮ ይደክመኛል። ዳኛው ቤት ተቀምጬ ዝም ያልኩባት ያቺ አምስት ደቂቃ ከሃያ ስምንት ዓመቱ የበለጠ አደከመችኝ።"

አረጋሽ ተነሥታ ለብ ያለ ውኃ ጨው ጨምራበት በጣሳ ሰጠችው።

"ተጉመጥመጥ። የምትነፋ ከሆነ ደህና አድርገህ ንፋ። ስሙን ደግሞ እንዳታሳስት።"

መኩሪያ ወጥቶ፣ የሀና ማርያም ጣሪያ ከሚታይበት ቦታ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ተሳለመ። ብዙ የሚያውቀው ጸሎት ነበር፤ አንዱም አልመጣለት። "ጌታዬ" አለ፣ "ድፍረት ስጠኝ አልልህም፤ ብትሰጠኝም የማስቀምጥበት የለኝም። ጥርሴን ብቻ እስከ ሦስተኛው ጥሪ ያዝልኝ። የቀረውን አንተ ታውቃለህ።"

መጀመሪያ የነፋው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ውሾች ጮኹ፣ መስኮቶች ተከፈቱ።

"የታችኛው ሰፈር እድርተኞች! ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ደምሴ፣ የሃምሳ አለቃ አባይነህ ባለቤት፣ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ሀና ማርያም ነው! የሰማህ ላልሰማው ንገር!"

ሁለተኛውን ባጃጆች ከሚቆሙበት መታጠፊያ ላይ ነፋ። አፉ ውስጥ የደም ጣዕም መጣ። ሦስተኛው ድልድዩ ጋ ነው፤ እዚያ ደርሶ ጡሩምባውን ከንፈሩ ላይ አጥብቆ ሲነፋ ጥርሱ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወለቀ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰብሮ እንደ ጥጃ እምቧ አለ። ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ ኪሱ ከተተና ጥሪውን ቀጠለ። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሟችን ስም እየለየ ለጠራው ለእሱ፣ የወይዘሮዋ ስም አሁን አልወጣ አለ። "ጸ" ስትመጣ ንፋስ ብቻ በክፍተቱ ያፏጫል። ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሳቀች።

ጌታ ሆይ፣ እስከ ሦስተኛው ብዬህ ነበር፣ አለ በልቡ። ያለው ግን እስከ ሦስተኛው ነው እንጂ ሦስተኛውን እስክጨርስ አላለም። ሁለተኛ ለመለመን አቅም አልነበረውም።

የድልድዩ ባለሱቅ በንቲ ሱቁን እየከፈተ ነበር። ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየው።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ደገሙት እንዴ?"

በእድሩ ቴሌግራም ላይ፣ ከዳኛ ወጋየሁ ስም ሥር፣ እንዲህ ተጽፏል፦ "ዛሬ ጠዋት የተነፋው ጡሩምባ እውቅና የለውም። መኩሪያ በ1990 የሠራውን ማንም አይረሳም። አባላት በየቤታችሁ እንድትረጋጉ።" ሞተዋል አይልም፣ አልሞቱም አይልም። ዳኛው የዩኒት ሊደር ዘመናቸውን በማስታወቂያ የፈጁ ሰው ናቸውና ውሸቱን ራሳቸው መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ ለአንባቢው ተዉለት። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። "ቂንጬ አለ ማለት ነው" ይላል አንዱ። "ማንኪያዬን ይዤ መጣሁ" ይላል ሌላው።

"አርፈዋል በንቲ" አለ መኩሪያ። "እውነቴን ነው።"

በንቲ አገጩ ላይ ያለውን ደም አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። "እሺ ጋሼ" አለ። ያመነ ግን አይመስልም ነበር።

መኩሪያ መንገዱን ቀጠለ። ሃያ ስምንት ዓመት ከአንዷ ስህተት በቀር አንድም ስም ሳይስት ጠርቷል፤ ሰው የያዘበት ግን ያቺኑ አንዷን ነው። በሦስት መስመር ጽሑፍ ዋሾ ሆነ። ክፍሏን ያጣታል፣ አረጋሽን መንገድ ላይ ያቆማታል፤ ወይዘሮዋም ያለ ሰው ይሸኛሉ። ያም ይጠፋል፣ ይሄም አይገኝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግቢ ደረሰ። መኪናው የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ምስጢር ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅ ግን አታወጣም።

"እስኪነፋ ድረስ እንዳላለቅስ ነገሩኝ" አለችው። "ማታ ዳኛው መጥተው፣ ጎረቤት እንዳይደነግጥ አሉኝ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ክብረት በር ላይ ነበር። ነፉ ጋሽ መኩሪያ?"

"ነፋሁ።"

"ታዲያ ሰዉስ?"

ክብረት ከመኪናው ጥግ ብቅ አለ። "ሰዉማ መልእክቱ ደርሶታል" አለ። "ጋሽ መኩሪያ፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ? ማንም አይመጣም።"

መኩሪያ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። የቀረውን አንተ ታውቃለህ ብዬህ ነበር፣ አለ። ከጸሎት ይልቅ ድካም ነበር። ከዚያ በላይ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረው ተቀምጦ ጠበቀ።

መጀመሪያ የሰማው ሳቅ ነው።

ሳቁ ከመተላለፊያው እየቀረበ መጣ። አንድ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ነበር። ቀድማ የገባችው ውዳሴ ናት፣ በ1990 ለቅሶውን ስታወጣ አፏን ከፍታ የቀረችው ያቺ ሴት። አሁን ስድሳ ዓመት አልፏታል። በእጇ የእንጨት ማንኪያ ይዛለች።

"እትዬ ጸሐይወርቅ!" አለች ከበሩ ጀምራ እየጮኸች። "ሁለተኛ ሞቱ አሉ! ቂንጬው የታለ?"

ከኋላዋ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ ሰው ነበር። ያን ቀን የነበሩ ሽማግሌዎች አሉበት፤ ታሪኩን ከእናቶቻቸው እየሰሙ ያደጉ ወጣቶችም አሉበት። አንዱ ሳህን ይዟል። የዳኛው መልእክት ሁሉንም አስቆ ከቤቱ አውጥቶታል። ለቀብር ቢሆን ገሚሱ ሥራ አለኝ ባለ ነበር፤ በሕይወት ካለች ሴት ጋር ለመሳቅ ግን ሁሉም ነቅሎ መጥቷል።

ምስጢር ከደጃፉ ተነሣች። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል።

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ። በሩ ላይ ያሉት ገና ይስቁ ነበር፤ ውዳሴ ጋ ግን ዝም ብሏል። ውዳሴ ምስጢርን አየቻት፣ መኪናውን አየችው፣ በመጨረሻ መኩሪያን አየችው፤ አገጩን፣ ያቺን ባዶ የጥርስ ቦታ። ከዚያ ማንኪያውን በያዘ እጇ ደረቷን መታች። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አፏ ላይ የቀረው የሚመስል ጩኸት አወጣች። ምስጢርም ያን ጊዜ ድምፅዋን ለቀቀች።

ዳኛ ወጋየሁ ግርግሩን ሰምተው ሲደርሱ ግቢው ሞልቷል። በንቲ ስልኩን ይዞ ፊታቸው ቆመ።

"ዳኛ፣ ተረጋጉ አላሉንም?"

ሁሉም ዞሮ አያቸው። ዳኛው ከረባታቸውን ነኩ። ክብረትን በዓይናቸው ፈለጉት፤ ክብረት ሰማዩን ያያል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሌላ ሰው ያዘገየው ይመስል፣ "ድንኳኑን ምን ያዘው?" አሉ። "አምጡ እንጂ!"

ወጣቶቹ ሮጡ። ክብረት የመኪናውን በር ቀስ ብሎ ዘጋና ወደ መኩሪያ ጎንበስ አለ። "ጋሽ መኩሪያ፣ ክፍሏን እስከ ማታ ያስረክባሉ።"

"እሺ" አለ መኩሪያ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ግን "እሺ" የምትለዋ ቃል ያለ ጥርስም ደህና ትወጣለች።

አራት ሰዓት ላይ ሁለት ለኪዎች ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው መጡ። ድንኳኑን አይተው ቆሙ። አንደኛው መሣሪያውን አጣጥፎ ተመለሰ፤ ሌላው ቆቡን አውልቆ ገብቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ትንሽ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ አረጋሽ ፍራሻቸውን በገመድ አስራ፣ በተሸካሚ አስይዛ ገባች። በእጇ የማርያምን ሥዕል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ፍራሹን ድንኳኑ ጥግ ላይ ስታዘረጋ አስለቃሾቹ ለእነሱ የመጣ መስሏቸው "እግዜር ይስጥሽ" እያሉ ሦስቱ ወዲያው ተቀመጡበት።

"የእኛ'ኮ ነው" አለ መኩሪያ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼው መጣሁ።" ወገቧን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። "ሦስት ቀን ድንኳን አለን።"

"ከዚያስ የት እንገባለን?" አለ። አሁን ጠያቂው እሱ ሆነ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለች አረጋሽ። "እግዚአብሔር አለ ያልከኝ አንተ አይደለህ?" ቀልድ ይሁን ቁጣ አልለየለትም። ግን ጨርቋን አርጥባ የአገጩን ደም ጠረገችለት።

ሬሳው ተገንዞ ገናዦቹ እስኪወጡ ጠብቆ መኩሪያ ወደ ውስጥ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ከአልጋው ራስጌ ቆመ። ስማቸውን ለመጥራት ሞከረ፤ በጥርሱ ክፍተት ንፋስ ብቻ አፏጨ። እንደገና አልሞከረም።

"እትዬ" አለ፣ "ይሄኛው ይቆጠርልኝ።"

ወጥቶ ከራሱ ፍራሽ ጠርዝ ላይ፣ በሁለት የሚያለቅሱ ሴቶች መሃል ትንሽ ቦታ አገኘ። ጡሩምባውን ታቀፈ። ለቅሶው ከላዩ እየሄደ፣ እንቅልፍ ወሰደው። እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልቀሰቀሰውም።